ሊቀ ብልጭታ ባስልኤልና ባለ አራት እግሩ ካንዴላ

አዋጅ!

ከሸዋ ቤንች ዳገት እስከ ሸኮ ጭቃ፣ ከሚዛን ገበያ እስከ ቴፒ መናኸሪያ ያለህ፣ ሞተር የምትረግጥ፣ ባጃጅ የምትነዳ፣ የጄኔሬተር ገመድ የምትጎትት ሰፊው ሕዝብ ሁሉ ስማ! ክቡርነታቸው ሊቀ ብልጭታ ባስልኤል፣ የጥቀርሻ መቅሠፍት፣ የጭስ ባላጋራ፣ በሙያቸው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ፣ በራሳቸው ሹመት የሞተር ሁሉ ሐኪም፣ ሞተር ሳይክላቸውን ግቢያቸው ውስጥ በላስቲክ ሸፍነው ከጥቅምት ወዲህ በእግራቸው በመመላለስ ላይ ይገኛሉ። ለሚጠይቃቸው ሁሉ "ለጤና ነው" ይላሉ።

ለጤና አይደለም።

አንቱታው ለአዋጁ ያህል ነው። ከዚህ በኋላ አንተ እለዋለሁ፤ ጓደኛዬ ነው። ጓደኛዬ ባይሆንም ልብስ መስፊያ ሱቁ እኔ ሻይ ከምጠጣበት ከዓለምሸት ሻይ ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ ከእሱ የማመልጥበት መንገድ የለም።

እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። በሽታን ሁሉ በአንድ መድኃኒት የሚያድን ሰው ማለቴ ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚያዝ አለ፤ ለሪህም ነጭ ሽንኩርት፣ ለፈተና መውደቅም ነጭ ሽንኩርት። ግንዛቤ ማስጨበጫ የሚያዝ አለ፤ ድልድይ ቢሰበር ግንዛቤ፣ ወባ ቢገባ ግንዛቤ፤ ሕዝቡም ግንዛቤ ጨብጦ ጨብጦ ድልድዩን የሚጠግንበት እጅ አጣ። ለሚዛን የደረሳት ዕጣ ደግሞ ካንዴላ ሆነ።

ካንዴላ ለማያውቅ፣ ቤንዚን በሚጠጣ ሞተር ራስ ላይ የምትሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል ነገር ናት። ከሥሯ አንዲት ጫፍ አለቻት፤ ከጫፏ ፊት ለፊት ደግሞ አንዲት የተቆለመመች የብረት እግር። በሁለቱ መካከል ብልጭታ ይዘላል፣ ቤንዚኑ ይቀጣጠላል፣ ሞተሩ ይሄዳል። በቃ፤ ክብሪት ናት። ይህችን ክብሪት ነው እንግዲህ ባስልኤል አንስቶ የፍጥረት ማዕከል ያደረጋት።

የቤኪ ባጃጅ መንገድ ላይ ቆመ። "ካንዴላው ነው!" ቤንዚን አልቆ ነበር። የዓለምሸት ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ተወ። "ካንዴላው ነው!"

"ኧረ ባስልኤል፣ ፍሪጅ ካንዴላ የለውም" አለችው።

"እሱ ነዋ ችግሩ!"

አንድ ጊዜ ስብሰባ ተጠርተን አንድ ኃላፊ ንግግር ጀመረ፣ አቋረጠ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና አቋረጠ። ከኋላ ወንበር ያ የታወቀ ድምፅ መጣ፦ "ደገም አርገው፣ ደገም! ካንዴላው ነው!" ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። ባስልኤል ለሕዝብ ከዋለው ውለታ ሁሉ ከልቤ የማመሰግነው በዚህኛው ነው።

ሞተር ላይ እንዲህ የሚራቀቅ ሰው መቀስ ላይ ምን ይመስላል ብትሉ፣ የልጃችሁን ሱሪ አንዱን እግር ካንዱ አስረዝሞ ይሰጣችኋል። አንዲት እናት ሱሪውን ይዛ ስትመጣበት፣ ሜትሩን እንደ ሐኪም ማዳመጫ በአንገቱ እንዳንጠለጠለ "ልጁ ሲያድግ ይስተካከላል" አላት።

"አንዱ እግሩ ብቻ ነው የሚያድገው?" ብላ ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ወርውራበት ሄደች።

እሱ ግን አልሰማትም። አፍንጫው የሞተር ጭስ አሽትቶ ነበር።

የራሱ ሞተር ከእርሻ ቢሮ በጨረታ የተገዛ ሽማግሌ ነው። ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ ይጠጣል፤ እንደ ድግስ ማድ ቤት ያጨሳል፤ ቁልቁለት ላይ ይስላል፣ ዳገት ላይ ይጸልያል። ባስልኤል ግን እንደ በቅሎ ነው የሚያሞካሸው። ዕለት ዕለት የሚያወጣው ስህተት ቢያጣ እንኳ ካንዴላውን ይፈታል፣ ያየዋል፣ እፍ ይልበታል፣ መልሶ ያስረዋል። ሚስት እንዲህ ብትታይ ኖሮ ፍቺ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ታዲያ ይህ ሰው ጋዜጣ አያነብም። መጽሐፍ ካየ ይተኛል። ካርቶን ግን ያነባል። ሰይፈዲን የሚባለው የመለዋወጫ ነጋዴ ከጅማ ዕቃ ባስመጣ ቁጥር መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካ ትቶ ይሻገርና የካርቶኑን ጀርባ ሁሉ ያነበንባል። ቻይንኛም ቢሆን ያነባል፤ ሥዕሉን አይቶ ይተረጉመዋል። ባለፈው ክረምት ነው እንግዲህ ያ መከረኛ ካርቶን የመጣው። ውስጡ ወርቅ የተቀባ ካንዴላ ነበር። ከሥሩ እንደ ሌላው አንዲት እግር ሳይሆን አራት እግሮች ጫፉን ከበው ቆመዋል።

እኔ ሱቁ ደጃፍ ነበርሁ።

"ሰይፈዲን፣ ይኼ ምንድን ነው?" አለ ባስልኤል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤተ መቅደስ የገባ ይመስል።

"ካንዴላ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ካንዴላማ አውቃለሁ። እግሩን ቁጠር።"

"አራት ነው።"

"የበፊቱስ?"

"አንድ።"

"አየህ! አንድ እግር ያለውና አራት እግር ያለው ቢሽቀዳደሙ ማን ይቀድማል?"

"ጋሼ፣ ኤሊም እኮ አራት እግር አላት።"

"አንተ ነጋዴ ነህ ወይስ ቀልደኛ?"

"ነጋዴ ነኝ። የመጣውን እሸጣለሁ። ግን ለእርስዎ ሞተር ተራዋ ትበቃለች።"

"ተራ!" ወደ እኔ ዞረ። "ሰማኸው? ሕዝቡ በተራ ነገር ረክቶ እንዲኖር ይፈልጋል!" ብሎ ወርቃማውን በመዳፉ ይዞ ወጣ። ሰይፈዲን ትከሻውን ሰበቀ።

እውነቱን ልንገራችሁና ገላግላችሁ። በአንድ በራሪ ወረቀት ላይ ካነበብሁት፣ ባለ ብዙ እግር ካንዴላ ለመግዛት የሚያበቃ ምክንያት ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እግሮቹ ተራ በተራ ስለሚያልቁ ዕድሜው ይረዝማል። ጉልበት አይጨምርም። ብልጭታ ሰነፍ ነው፤ አራት እግር ብታቆምለት በአንድ ዝላይ የሚጨብጠው ለእሱ የቀለለውን አንዱን ነው። ቤትህን አራት በር ብታወጣለት እንግዳው በአራቱም አይገባም። ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ኢሪዲየም የሚሉት ደግሞ አለ፤ እሱ እውነትም ደግ ዕቃ ነው፣ ለአዲስ ሞተር። ለድግስ ማድ ቤት ግን፣ ነጭ ጫማ ገዝቶ በሸኮ ጭቃ እንደመሄድ ነው። አሮጌ ሞተር ካንዴላውን በጥቀርሻ ያለብሰዋል። ባለ አንድ እግሯን በሽቦ ብሩሽ ፈተግ ታደርጋታለህ፣ ትድናለች። ከአራት እግር መካከል ጥቀርሻ ለማውጣት ግን የጥርስ ሐኪም ያስፈልግሃል። ፍርዱ ይኸው ነው፦ ሞተርህ ሽማግሌ ከሆነ ተራዋን ግዛ፣ ቤትህ ግባ።

ይህን ለባስልኤል ነገርሁት። "አንተ ምን ታውቃለህ፣ ሞተር የለህ!" አለኝ። ሞተር እንደሌለኝ እውነት ነው። ከኋላው ተፈናጥጬ ነው የምሄደው።

አሁን የአገራችንን አንድ ልማድ ላውጋችሁ። እዚህ ዝናቡ ደመና እንኳ ሳይጠራው ይመጣል፤ ካንዴላ ይረጥባል። ስለዚህ ነጂ ሁሉ አሮጌ ካንዴላውን አይጥልም፤ በላስቲክ ጠቅልሎ በኪሱ ይዞራል። አንደኛው ሲረጥብ ፈትቶ ሌላውን ይተካል፤ የረጠበውን ደግሞ ዓለምሸት ምድጃ ላይ ይጠብሰዋል። ጠዋት ጠዋት የሻይ በራዷን ከብበው ካንዴላዎች ከሰል ዳር ተሰድረው ይሞቃሉ። ሻይዋ ቤንዚን ቤንዚን የሚለው ለዚህ ነው፤ እኛም ለምደነዋል፤ እንዲያውም ሌላ ቦታ ስንጠጣ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለናል።

ሊቀ ብልጭታ በዚህ ልማድ ላይ ጦርነት አወጀ። ወርቃማውን በገዛ ማግስት ሻይ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ፣ "አሮጌው ኪስህ ውስጥ ካለ ልብህ ለሁለት ይከፈላል!" እያለ ሰበከ። "ሁለት ካንዴላ የያዘ ሰው በአንዱም አያምንም! ቅዳሜ ድልድዩ ላይ ኑ፤ የእኔን ስወረውር ታያላችሁ።"

ቅዳሜ ሄድን። ሥራ የለን። የሞተር ነጂው፣ የባጃጁ፣ የገበያተኛው ሰው ድልድዩን ሞላው። ባስልኤል ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጣ፣ ወደ ሰማይ ከፍ አደረጋት፣ "ደህና ሁኚ፣ ባለ አንድ እግር!" ብሎ ወረወራት። ውኃው ዋጣት። ተጨበጨበ። በሳምንቱ የሰይፈዲን ወርቃማ ካንዴላ፣ ቀጭኑም ወፍራሙም፣ ከሱቁ ተጠርጎ አለቀ። ሰይፈዲንም ስለ ኤሊ ማውራት ተወ።

ሁለት ነገር ግን ልብ ብዬ ነበር። አንደኛው፣ ከድልድዩ ቀን ወዲህ የዓለምሸት ምድጃ ዙሪያ ባለ አንድ እግሮቹ አልጠፉም። "የማን ናቸው?" ብላ ዓለምሸት ነጂዎቹን ስትጠይቃቸው "የዘመድ ነው፣ ላሙቅለት ብዬ ነው" ይሏታል። ሁለተኛው፣ የባስልኤል ሞተር ወንበር መወዛወዝ ጀመረ። ኩርባ ላይ እሱ ወደ ግራ ሲዞር እኔ ከነወንበሩ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ።

"ኧረ ይኼ ወንበር ምን ሆኗል?" አልሁት።

"አንተ ወፍረህ ነው።"

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ እውነተኛ አማኝ ተገኘ። ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ፣ ወንዝ ዳር፣ የቡና መፈልፈያ ያላቸው እትዬ በየነች ናቸው። መፈልፈያው በትንሽ የቤንዚን ሞተር ይሠራል። ጎረቤቶቻቸው እሸት ቡና ይዘው ይመጣሉ፤ ቀይ ፍሬው ይገፈፋል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እትዬ በየነች ዩኒፎርም ሊያሰፉ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጥተው ስለ ሱሪ ሳይሆን ስለ ካንዴላ ተሰብከው ሄዱ።

"የእርስዎ ሞተርና የእኔ ሞተር የሚጎርሱት አንድ ዓይነት ካንዴላ ነው" አላቸው። እውነት ነው፤ የሌሎቹ ነጂዎች ሞተር አዲስና ትንንሽ ስለሆነ ካንዴላው ቀጭን ነው፤ የእነዚህ የሁለቱ ግን ወፍራም ነው። "አሮጌውን ግን ይጣሉት።"

"ኧረ ለክፉ ቀን ላስቀምጠው።"

"ክፉ ቀን የሚጠብቅ ሰው ክፉ ቀን ያገኘዋል፣ እትዬ!"

ወርቃማውን አስገቡ። አሮጌውን፣ እንደታዘዙት፣ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። በመላው ወረዳ የታዘዘውን የፈጸመ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጥቅምት መጣ፤ ቡናው ቀላ። የለቀማው ሥራ ደርቶ የጎረቤቱ ሁሉ እሸት እትዬ በየነች ግቢ በማዳበሪያ ተከምሮ ባለበት ዕለት ሞተሩ አልነሳም አለ። ቤኪ ለቃሚዎች ለማድረስ በዚያ ነበርና ደወለ። ባስልኤል የጀመረውን ቀሚስ ከእነ መርፌው ትቶ ተነሳ፤ እኔም ከኋላው ተፈናጠጥሁ። ዝናቡ እያጠበን፣ ወንበሩ እያወዛወዘኝ፣ ሞተሩ አንድም ጊዜ ሳይጠፋብን ደረስን።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ሞተር እንዴት ዝናቡን ቻለው?" አለ ቤኪ። "ያው አራት እግር አይደል?"

"አያያዝ ነው!" አለ ባስልኤል።

ወርቃማውን ከመፈልፈያው ሞተር ፈታ። አራቱ እግሮች በጥቀርሻ ተሞልተው አንድ ሆነዋል። ብሩሽ አልገባ አለ። በመርፌ ሞከረ፤ ለነገሩ ልብስ ሰፊ ነውና መርፌ አያጣም። ቤንዚን አፍስሶ ለኮሰው። ፍም ላይ ጠበሰው። መልሶ አሰረው፤ ቤኪ ገመዱን ጎተተ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አነጠሰና ዝም አለ። ደግሞ ፈቱት፣ ደግሞ አሰሩት፣ ደግሞ ጎተቱት። ምንም።

ሌላ ከየት ይምጣ? ሰይፈዲን ዕቃ ሊያመጣ ጅማ ሄዶ ሱቁ ተዘግቷል። ወደ ቴፒ እንዳይኬድ አንድ አይሱዙ ጭቃው ውስጥ አግድም ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶታል። ለቃሚ ሊያደርሱ መጥተው የተሰበሰቡት ነጂዎች ካንዴላ ቀጭን ነው፣ አይገጥምም። እሸት ቡና ደግሞ አይጠብቅም። ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ጠጅ ጠጅ ይላል፤ ያኔ ገዢ አያየውም። ሽታው መጀመሩን የሚያውቅ አፍንጫ ሁላችንም ነበረን።

ያን ጊዜ ነው ቤኪ የሁላችንን ሐሳብ አውጥቶ የተናገረው።

"ጋሼ፣ ምን አስጨነቀን! የእርስዎን ፈተው ያስገቡበት። መጠኑ አንድ ነው ብለው አልነበር?"

ባስልኤል ሞተሩን አየ። እኛን አየ። ከዚያ፣ በኖርሁበት ዘመን ሁሉ እሰማለሁ ብዬ ያልጠበቅሁትን ቃል ከአፉ ሰማሁ።

"ካንዴላው አይደለም።"

ዝናቡ ራሱ ቀጥ ያለ መሰለኝ። ቤኪ የያዘውን ገመድ ለቀቀው። ለቃሚዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ፍሪጅ በካንዴላ የሚያክም ሰው፣ ስብሰባ በካንዴላ የሚያክም ሰው፣ ካንዴላው በታመመበት በዚህ በአንዱ ቀን ካንዴላው አይደለም አለ!

"ታዲያ ምኑ ነው?" አለ ቤኪ።

"ኮይሉ... ኮይሉ ይመስለኛል። ወይም አየር ነው። እርጥበቱ..."

እትዬ በየነች አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለው ነበር። የአንዱን ማዳበሪያ አፍ ፈቱና፣ "ባስልኤል፣ ና። እጅህን ክተት" አሉት።

ከተተ።

"ምን ይላል?"

"ሞቋል" አለ፣ በቀጭን ድምፅ።

"ይኼ የእኔ አይደለም፤ የጎረቤቴ የማርዋ ነው። ያኛው የሌላዋ ጎረቤቴ፣ የተሾመች ነው። እኔን አምነው ነው ያመጡት፤ እኔ አንተን እንዳመንሁ። ጣዪ ብትለኝ ጉድጓድ ከተትሁት። አሁን ማዶ ማዶ አትይብኝ፤ የምትችለው ነገር ካለ አድርግ፤ ከሌለህም የለኝም በለኝና ሴቶቹን ልጥራቸው።"

ባስልኤል እጁን ከማዳበሪያው አወጣ። ከዚያ የካንዴላ መፍቻውን ከመሬት አነሳ።

"ሁላችሁም ዙሩ" አለ።

"ወዴት?" አለ ቤኪ።

"ወደ ወንዙ! ፊታችሁን አዙሩ! ካንዴላ ሲፈታ ዓይን አይወድም።"

"ከመቼ ወዲህ? አሁን እኮ ፊታችን ላይ ሲፈቱት ነበር..."

"ዙር ስትባል ዙር፣ አንተ!" አሉ እትዬ በየነች፣ እሳቸውም እየዞሩ።

ሰዉ ሁሉ ጀርባውን ሰጠው። እኔም ዞርሁ። አንገት ግን የተፈጠረልኝ ለአንዳንድ ነገር ነው። ባስልኤል ከራሱ ሞተር ሥር ተንበርክኮ ካንዴላውን ሲያወጣ አየሁ። አንድ እግር! አሮጌዋ፣ ተራዋ፣ አንገቷ በዝገት የተነካ፣ ጫፏ ግን የተቆላ ገብስ የመሰለ፣ ያ የጤነኛ ካንዴላ መልክ ያላት ባለ አንድ እግር! በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት። መፈልፈያው ሞተር ላይ አሰራት፤ ጥርሷ ልክክ ብሎ ገባ። ገመዱን ራሱ ጎተተ።

ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግዱግዱግዱግ!

ሰዉ እልል እያለ ዞረ። ወርቃማው ካንዴላ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ራስ ላይ የተሰካችው ደግሞ ግራጫ ናት። የቤኪ ዓይን ከድንጋዩ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ባስልኤል ሞተር ሄደ። አፉ ተከፈተ።

እትዬ በየነች እሸት የሞላ ቅርጫት እቅፉ ውስጥ ወረወሩለት። "ያዝ! ምን ትገተራለህ፣ ቡናው ይቅረብ!"

አፉ ተዘጋ። ቀይ ፍሬው በአንድ በኩል ይገባል፣ ነጩ ቡና በሌላው ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። የእኛ አገር ሰው ሐሜት አይወድም ብዬ ልዋሽላችሁ አልፈልግም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም ወንዙን ሲያይ የነበረ ሰው ሆነ።

ስንሄድ እትዬ በየነች ወርቃማውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው አስያዙት። "ዕቃህን ይዘህ ሂድ" አሉ።

መንገድ ላይ ወርቃማውን ሞተሩ ላይ አሰረ። ረገጠ። ረገጠ። ረገጠ። እኔ ዝናብ ውስጥ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ አልቻልሁም።

"ባስልኤል፣ ካንዴላው ነው" አልሁት።

ይመታኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሞተሩን ይዞ መግፋት ጀመረ። እኔም ከኋላ ያዝሁ። ወንበሩ በእጄ ውስጥ ግራና ቀኝ ሄደ፤ ያን ጊዜ ዝቅ ብዬ አየሁ። ብሎን መሆን ያለበት ቦታ ላይ ባዶ ቀዳዳ አለ።

"አንተ! ከድልድዩ ላይ የወረወርኸው ምን ነበር?"

ትንሽ ገፋን።

"የወንበሩ ብሎን" አለ።

"የወንበሩ ብሎን! እኔ እኮ ነኝ ከኋላ የምቀመጠው! ወፍረህ ነው አላልኸኝም?"

"ወፍረሃልም።"

"ለምን?"

"ወርቃማው ገና ዓርብ ዕለት ቴፒ መንገድ ላይ ቆመብኝ። ድልድዩን ደግሞ ለሕዝብ አውጄ ነበር። ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ መጣ፤ አየህ አይደል የመጣውን ሰው? በሕይወቴ ሱሪ ስለካ እንኳ ቀጥ ብሎ የቆመልኝ ሰው የለም። ያን ቀን ግን ድልድዩ ሙሉ ሰው ዝም ብሎ አዳመጠኝ።" ጭቃውን ከፊቱ ጠረገ። "እንደኔ ሁሉም ሌላ ነገር የሚወረውር መስሎኝ ነበር። እሳቸው እውነተኛውን ይጥሉታል ብዬ በምን ልጠርጥር?"

ይህን ስሰማ የተዘጋጀሁበት ስድብ ሁሉ አልነሳም አለኝ። ምናልባት ካንዴላው ይሆናል።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ በእግሩ ይሄዳል። ሰይፈዲን ከጅማ ተመልሶ ባለ አንድ እግሮቹን በደጃፉ እንደ ቃርያ ደርድሯቸዋል። ባስልኤል በዚያ ሲያልፍ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ነው የሚያልፈው። እንዴት ይግዛ? ድልድይ ሙሉ ሰው ያዳመጠው ሰው "ተራዋን ስጠኝ" ሊል ነው? እትዬ በየነች ለራሳቸው ተራዋን ገዝተው የሱን ካንዴላ በቤኪ እጅ ላኩለት፤ ሰው ፊት ስለሆነ "የእኔ አይደለም፣ የእኔ ባለ አራት እግር ነው" ብሎ መለሰው። እኔ ልግዛለት እንዳልል፣ ሞተር እንደሌለኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ወፍራም ካንዴላ ከገዛሁ ለማን እንደገዛሁ ካህኑም ሼኹም ሳይጠይቁ ያውቃሉ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዝም ማለቱ ነው። ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሰፋል። የሱሪዎቹ ሁለት እግሮች እኩል ሆነው መውጣት ጀምረዋል፤ ሲያዩት ያሳዝናል። ባለፈው ሳምንት የዓለምሸት ፍሪጅ እንደገና ቆመ። ሁላችንም ወደ ማዶ ዞረን ጠበቅን። ዓለምሸት ራሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "ምን ሆኖ ይሆን ይኼ ፍሪጅ?" አለች። ባስልኤል ከስፌቱ ቀና ብሎ "የሚሠራ ሰው ጥሪ" አላት። ይኼው ነው። ስንት ዘመን ዝም በል ስለው የኖርሁት ሰው ዝም ሲል ሻዩ አልወርድልህ አለኝ፤ ቤንዚን ቤንዚን የሚለው ሻይ እንኳ።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በጅማ ይሁን በቴፒ ወደ ሚዛን የምትመጣ ከሆነ አንዲት ተራ፣ ወፍራም፣ ባለ አንድ እግር ካንዴላ ይዘህልኝ ና። ካርቶኗን መንገድ ላይ ጣለው፤ ሰውዬው ካርቶን ያነባል። ከዓለምሸት ሻይ ቤት በር አጠገብ ታገኘኛለህ። በጠረጴዛው ሥር አቀብለኝ። ስታቀብለኝ ከመንገዱ ማዶ ሜትር በአንገቱ ያንጠለጠለ ሰው አንገቱን አስግጎ "ምንድን ነው እሱ?" ቢልህ፣ አደራህን፣ አትሳቅ፤ ከጃፓን ገና ዛሬ የወጣ፣ አራቱን እግር በአንድ የጠቀለለ አዲስ ዓይነት ነው በለው። የቀረውን እሱ ራሱ ይሰብክልሃል። እግረ መንገድህንም፣ ለእኔ ለራሴ ስትል፣ ቦታ የማይይዝ ነገር ነው፣ ለወንበሩ የምትሆን አንዲት ብሎን...